የመምሬ አካሉ ግዝት

ሰው ጭንቅ ሲይዘው የሚተርታት አንዲት ተረት አለች። ዛሬማ ገበያ ሄዶ ነጭና ጥቁር በግ መምረጥ ያቃተውም ይተርታታል፤ እኔን ያናድደኛል! ተረቷ የወጣችው ከአንድ አባት ጭንቀት ነው፤ ስሙኝ ልንገራችሁ።

መምሬ አካሉ የአንዲት የደጋ መንደር የንስሐ አባት ነበሩ። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፤ አፋቸው ብቻ ትንሽ ችኩል ነው። በዚያች መንደር ሁለት ዓመት ተከታትሎ በረዶ ወረደና ባቄላውንም ስንዴውንም እንዳልነበረ አደረገው። በሦስተኛው ዓመት ከጉብታው ማዶ አንድ በረዶ መላሽ መጥቶ ሰፈረ። «ጥቁር በግ አርዳችሁ ደሙን በማሳችሁ ዳር ርጩ፣ በረዶውን እኔ እመልሰዋለሁ» አለ። ሕዝቡ ጧት ያስቀድሳል፣ ከሰዓት ወደ ጉብታው በግ ይጎትታል። ወይ ጉድ!

መምሬ እንቅልፍ አጡ። መከሩ፣ ለመኑ፤ ማን ይስማቸው! አንድ እሑድ ግን መስቀል ሊሳለም የቀረበ ሰው ነጠላ ላይ የደም ጠብታ አዩና ደማቸው ፈላ።

«በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻለሁ! እዚያ ሰውዬ ዘንድ የሄደ፣ እሱም ቤተሰቡም፣ ከዚህ ደጅ እንዳይገባ!»

አፋቸው ቀደማቸው። በሳምንቱ ቅጽሩ ባዶ ሆነ። የመጡት ዕድሜያቸውን ከከብት ጋር የፈጁት አዛውንቱ አያ ደምለውና ጥቂት አሮጊቶች ብቻ ናቸው። መምሬ ባዶውን ቅጽር እያዩ፣ «ልጆቼን በገዛ እጄ በተንኋቸው፤ ግዝቱን ባነሳ ደግሞ ሁሉም ወደዚያ ሰውዬ ይነጉዳል» እያሉ ይብሰለሰሉ ጀመር።

እንዲህ እንዳሉ ቢምረው የሚባል ገበሬ በጋቢ የተጠቀለለ ሕፃን ታቅፎ እየሮጠ መጣና ከበሩ ውጭ ቆመ። መጀመሪያ በግ ያረደው እሱ ነው።

«አባ፣ ይድረሱልኝ! ገና ሃያ ቀኑ ነው፤ ትንፋሹ እየተቆረጠ ነው። ሳይጠመቅ ሊሞትብኝ ነው!»

«ንስሐ ግባና ግዝቱን ልፍታህ። ዳግመኛ ወደዚያ ሰውዬ አልሄድም በል።»

ቢምረው አቀረቀረ። «አባ፣ እርስዎን አልዋሽም። ነገ ደመናው ከጠቆረ አልሄድም ብዬ አልምልም። ሰባት ልጅ ነው ያለኝ።»

መምሬን ጨነቃቸው። ቢያስገቡት ግዝታቸው መሳቂያ ሊሆን ነው፤ ባያስገቡት ሕፃኑ ደጃቸው ላይ ሊያልፍ ነው። ወደ ቤተ መቅደሱ ዞሩ፣ ተመልሰው ወደ በሩ ዞሩ። ሕፃኑ ሲጢጥ ሲል ሆዳቸው ባባ።

«እሱ እንዳይገባ ገዘትሁ እንጂ እኔ እንዳልወጣ ማን ገዘተኝ!» አሉና የክርስትናውን ውኃ ራሳቸው ተሸክመው ከበሩ ወጡ። አያ ደምለውን ክርስትና አባት አድርገው፣ እዚያው ደጅ ላይ፣ እንባቸው እየወረደ አጠመቁት። ሕፃኑ በውኃው ደንግጦ እሪ አለ፤ ትንፋሹም ተመለሰ። ቢምረው መሬት ተደፍቶ እግራቸውን ሳመ።

ወዲያው ሰማዩ አጉረመረመ። ቢምረው ቀና ብሎ ደመናውን አየና ዓይኑ ወደ ጉብታው ሄደ። መምሬ አዩት። ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

ከአሮጊቶቹ አንዷ፣ «ኧረ መምሬን ምን ነካቸው? ገዝተው ያባርራሉ፣ መልሰው ደጅ ድረስ ወጥተው ያጠምቃሉ፤ ደግሞ ይኸው ያለቅሳሉ!» አለች።

አያ ደምለው ሕፃኑን እንደታቀፉ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ተያቸው እባክሽ፣ ምን ያድርጉ! ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት!» አሉ።