የጦጢት የእጅ ሻንጣ

ተረት ተረት! «የላም በረት» ካላችሁኝ እኔ፣ ብልጥ የምባለዋ ጦጣ፣ የሻንጣዬን ጉድ ልንገራችሁ።

ሽመላ መንገደኛ በጀርባው አዝሎ በርካሽ ሐይቅ ያሻግር ነበር። ሕጉ አንድ ነው፤ ሐይቁ ዳር ባስቀመጠው የመለኪያ ቅርጫት ውስጥ ያልገባ ሻንጣ አይሳፈርም። የእህቴ ሠርግ ማዶ ስለነበር ገበያውን ሁሉ ዞሬ፣ ባለሱቁን አሰልችቼ፣ ለቅርጫቱ በልክ የተሰፋ የሚመስል ሻንጣ መረጥኩ። የሠርግ ቀሚሴን አጣጥፌ ከተትኩና «እንደኔ ማን አለ!» አልኩ።

ጅብ ሊሰናበተኝ መጣ። «እመት ጦጢት፣ ለአጎቴ ይቺን አጥንት ብቻ አድርሺልኝ። ምን ቦታ ትይዛለች?»

እምቢ ለማለት አፍሬ ተቀበልኩ። ጃርት ደግሞ ድንች ተሸክማ ደረሰች። «ለልጄ ነው፤ ማዶ እንደኛ አገር ድንች የለም አሉ!»

እሱንም ተቀበልኩ።

ሐይቁ ዳር ሻንጣዬ ቅርጫቱ አፍ ላይ ተቀረቀረ። ብገፋው፣ ብቀመጥበት፣ ወይ ፍንክች!

«አንዱን አውጪ» አለ ሽመላ፣ ሰማይ ሰማዩን እያየ።

የሰው አደራ እንዴት ይጣላል? ቀሚሴን አወጣሁ።

ሠርጉ ላይ በተጨማደደ የመንገድ ልብሴ ከበር ኋላ ተሸጉጬ ሳለሁ የጅብ አጎት አጥንቱን እያገላበጠ መጣ። «ይቺን ብቻ ነው የላከልኝ?» አለና አንድ ትልቅ ቅል አስታቀፈኝ። «በይ ልጄ፣ ስትመለሺ ይህን ለሱ አድርሺልኝ።»

ቅሉን አየሁ። ባዶ የቀረውን ሻንጣዬን አየሁ።

«ምን ቦታ ይይዛል!» አልኩ።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ግን እዚሁ ልብላው፣ «ለሰው አድርሺ» እንዳትሉኝ።