በርበሬዋን የካደችው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ይዛ የቀረች፣ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት አስፋልት የምትጠርግ። በሴፍቲኔት ታቅፋ ማለት ነው፤ ታውቁታላችሁ። መንግሥት ለችግረኛ በየወሩ የሚሰጣት ድጋፍ አለች፤ የቤት ኪራይዋም የልጆቿም ጉሮሮ በዚያች ነው የሚያልፈው። ስሟን እማዋይሽ እንበላት። እውነተኛ ስሟን ብነግራችሁ ነገ በርበሬ ፍለጋ ሄዳችሁ ታጨናንቋታላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

እጇ ግን! በርበሬ ስታዘጋጅ ያየ ሁሉ «እንዲህ ያለ እጅ ይዘሽ መጥረጊያ ትይዣለሽ?» ይላታል። አንድ ቀን ከቆጠበቻት ላይ አንሥታ ጥቂት በርበሬ ገዛች። ቀነጠሰች፣ አጠበች፣ ከቅመሙ ጋር ደለዘች፣ አደረቀች፣ አስፈጨች። ለጎረቤት ሸጠች። ጎረቤት ለእህቷ ነገረች። ሳታስበው ነጋዴ ሆና ቁጭ አለች።

ጭንቁ የመጣው ይሄኔ ነው። ገቢ አለኝ ብዬ ለወረዳው ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

የአጥር ጎረቤቷን እትዬ ስንዱን ጠየቀች። «ሞኝ ነሽ እንዴ? ብትናገሪ ነገውኑ ይሰርዙሻል! ዝም ብለሽ ሽጪ» አሏት። የጠራጊዎቹን ኃላፊ አቶ መኳንንትን ጠየቀች። «ብታስመዘግቢ ይሻላል። ሥራ ጀመርሽ ብሎ የሚሰርዝሽ ያለ አይመስለኝም» አሏት፤ ትንሽ አሰብ አድርገውም «ግን እሱ ነው ያለኝ እንዳትይ» ብለው ጨመሩ። ወረዳ ሄዳ በመስኮት በኩል ጸሐፊዋን ጠየቀች።

«ሥራ ጀምረሻል ወይስ ልትጀምሪ ነው?» አለች ጸሐፊዋ።

«እኔ እንጃ፤ ለጎረቤት ነው የምሸጠው።»

«እሱ መጀመር ነው አይደለም?»

አያችሁልኝ? መልሳ እሷኑ ጠየቀቻት! «እኔማ አንቺን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች እማዋይሽ። «በይ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፤ ሰኞ ነይ» ተባለች። ሰኞም ስብሰባ ነበሩ።

ምን ታድርግ? ነጋዴ ነኝ እንዳትል፣ ያቺ ድጋፍ ብትቀር ወር ሳይሞላ ከነልጆቿ ከቤት መውጣቷ ነው። ሥራ የለኝም እንዳትል፣ ጣቶቿ ቀይ ናቸው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አትሳቁ፤ የምሬን ነው የምጠይቃችሁ!

እሷ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ጠዋት ስትነሣ ትንበረከክና «ጌታዬ፣ ዛሬ ገዢ አምጣልኝ» ትላለች። ከዚያ ተነሥታ በሩን ከውስጥ ትቀረቅራለች። የድጋፉ ኮሚቴ ቤት ለቤት እየዞረ ያጣራልና፣ በሩ ሲንኳኳ ክው ትላለች። «ጌታዬ፣ ኮሚቴ እንዳይሆን! ማንም አይየኝ!» ሰው ይምጣ፤ ሰው አይምጣ። እስቲ እግዚአብሔር የትኛውን ይስማላት?

አንድ ረቡዕ ከወፍጮ ቤት ገና መመለሷ ነው። የተፈጨ በርበሬ ትኩስ ነው፤ ተሰጥቶ ይቀዘቅዛል። ደጅ ላይ ላስቲክ ዘርግታ አስጥታው ሳለ እትዬ ስንዱ በአጥር በኩል «መጡልሽ! ኮሚቴዎቹ መጡልሽ!» አሏት። እማዋይሽ የላስቲኩን አራት ጫፍ ሰብስባ፣ እየጎተተች አስገብታ አልጋ ሥር ከተተችው። መስኮቱን ዘጋች። ላቧን ጠርጋ በሩን ከፈተች።

የገባችው ትጓደድ የምትባል የኮሚቴ አባል ናት። ቅጽ ይዛለች። ሌላ መቀመጫ የለም፤ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! በተዘጋ ቤት ውስጥ ገና የተፈጨ በርበሬ! ማስነጠስ ጀመረች።

«ይማርሽ።»

«ያኑርሽ። ምንድን ነው እንዲህ የሚሰነፍጠው?»

«በርበሬ ነው፤ ለቤት ያዘጋጀሁት።»

«ስንት ናችሁ በቤቱ?»

«ሦስት።»

ትጓደድ ሦስት ብላ ጻፈች። አስነጠሰች። «ሌላ ገቢስ አለሽ?» ብላ ቀና አለች።

ልክ ይሄን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ገዢ! ጠዋት ተንበርክካ የለመነችው ገዢ! ልጃቸውን ሊድሩ የሚደግሱ ወይዘሮ የሻረግ የሚባሉ ሴት ደጃፉ ላይ ቆመው «እማዋይሽ፣ ያ በርበሬሽ ነፍስ ነው! የሰርጉን በሙሉ ካንቺ ነው የምወስደው» አሉ።

«እዚህ በርበሬ የሚሸጥ የለም» አለች እማዋይሽ።

«እንዴ! ባለፈው ሳምንት የወሰድኩት ከማን ነው ታዲያ?»

«ቤቱን ተሳስተው ይሆናል፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ ዐይኗን ዐይኗን አዩዋት። ቅር ብሏቸው ነጠላቸውን መለስ አድርገው ሄዱ። ወገኖቼ፣ ጸሎቷ ተሰምቶ እስከ ደጇ መጥቶ ነበር፤ በገዛ አፏ መለሰችው።

«እና፣ ሌላ ገቢ የለም ብዬ ልጻፍ?» አለች ትጓደድ።

እማዋይሽ በተከፈተው በር ወደ ውጭ አየች። ዐይኗ እንባ ሞላ፤ በርበሬው ይሁን ራሷ ትሁን ያስለቀሳት አልለየችውም። ደጋሿ በመንገዱ እየራቁ ነው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆሟል። አፈረች፤ በራሷ ተናደደችም። ድንገት ብድግ ብላ ወጣች።

«እትዬ የሻረግ! ይመለሱ! ዋሽቼዎት ነው! ሻጯ እኔ ነኝ!»

ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፤ ሴትዮዋም ሰምተው ዞሩ። እትዬ ስንዱ በአጥር በኩል «ወይኔ ልጄን! ጉዷ ፈላ!» አሉ።

እማዋይሽ ተመልሳ ገባች። «ሥራ አለኝ» አለች። «ችግረኛም ነኝ። ሁለቱንም ጻፊው።»

ትጓደድ ቅጹን ወዲያና ወዲህ ገለበጠችው። «ቅጹኮ ወይ ይህን ወይ ያን ነው የሚለው» አለች። እሷንም ግራ ገባት!

«እንግዲያው ከጎኑ ጻፊው።»

ጻፈችው። ከጎኑ፣ ባዶ ቦታ ላይ፣ እያስነጠሰች ጻፈችው።

«ድጋፉስ ተቋረጠባት?» እያላችሁ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ቁርጡን የሚነግራት ጠፍቶ በጭንቀት ከረመች። በኋላ የወረዳው ኃላፊ ከስብሰባ ወጡና «ንግድሽ እስኪጠና ይቀጥልልሻል» አሏት። ቢሰርዟትስ ኖሮ? ታለቅስ ነበር፤ ያለ ጥርጥር ታለቅስ ነበር። ግን በሯን ከፍታ ነበር የምታለቅሰው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አንተ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ሰጥቶሃል፤ እንዳይቀርብህ ፈርተህ ግን ዛሬም «ምንም የለኝም» እያልክ ትለምነዋለህ። አንቺ እኅቴ፣ ጓዳሽ ባዶ ነው፤ «እንዴት ነሽ?» ስትባዪ ግን «ሁሉ ሙሉ ነው» ብለሽ ታልፊያለሽ። ለመሆኑ የለመናችሁት ነገር ደጃችሁ መጥቶ «እዚህ የለም» ብላችሁ የመለሳችሁት ስንት ጊዜ ነው? እኔም አለሁበት፤ እዚህ ቆሜ ስለጮህኩ የዳንኩ አይምሰላችሁ።

ወይ አማኝ ወይ ፈሪ፣ ወይ ባለጸጋ ወይ ምስኪን ሁኑ ያላችሁ ማነው? የምታመሰግኑበት አለ፤ አመስግኑት። የፈራችሁት አለ፤ ፈራሁ በሉት። ግራ ከገባችሁም ግራ ገብቶኛል በሉት፤ ከእናንተ በፊት የሚያውቀውን ከማን ትደብቃላችሁ?

በሉ ተነሡ። የደበቃችሁትን በየስሙ ጥሩለት። በሹክሹክታ አይደለም፤ በድምፅ! የጎረቤታችሁ ጆሮ ቢሰማም ይስማ።