ሰው ሳይሞት የተተከለ ድንኳን

አንድ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ጋሽ ወልደሰንበት ይባላሉ። ሰው ሲሞት ማለዳ ሰፈሩን እየዞሩ ጥሩምባቸውን ይነፉና እድርተኛውን ለቀብር ይጠራሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን እንዲህ ያለ ሥራ ያለውን ሰው በጠዋት ደጁ ላይ ማየት የሚወድ የለም። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ ጎረቤት ሲያገኙ ከሰላምታ በፊት "አይዞህ፣ ዛሬ ማንም የለም" ይሉ ነበር።

የሰፈሩ መንገድ ኮረኮንች ሳለ መኪና የሚያልፈው እየተንገጫገጨ ነው። አስፋልት ሲነጠፍ ሁሉም እልል አለ። ከዚያ ወዲህ ግን መኪናው ሁሉ መብረር ጀመረ። በሁለት ዓመት ውስጥ ጋሽ ወልደሰንበት መኪና ለገጫቸው ሦስት ጎረቤቶች ጥሩምባ ነፉ።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለች ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቢሆንም በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መንገዱን ተሻግረው፣ አልጋ ላይ የዋለች እህታቸውን ይጠይቃሉ። ሌላው ሰው ሮጥ ብሎ የሚሻገረው መንገድ ለእሳቸው ረጅም ጉዞ ነው። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ቆመው፣ ባለቤታቸው ማዶ እስኪደርሱ ድረስ በደንብ አይተነፍሱም። የስንቱን ሰው ስም ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ ለፍፈዋል፤ የባለቤታቸውን ስም መጥራት ግን እንደማይችሉ ያውቁታል።

አንድ ቀን አንድ ሚኒባስ ክላክሱን እያንባረቀ የእትዬ አስካለችን የነጠላ ጫፍ ነክቶ አለፈ። ሽማግሌው ቀጥታ ወደ እድሩ ዳኛ ሄዱ።

"ድንኳኑን ይስጡኝ" አሉ።

ዳኛው ደንግጠው ተነሡ። "ማን አረፈ?"

"ማንም። ሰው ሳይሞት ልተክለው ፈልጌ ነው።"

"ጋሼ፣ ይሄማ ሟርት ነው። የእድሩ ደንብም አይፈቅድም።"

"መንገድ ዳር ድንኳን በተተከለ ቁጥር ቆሜ አይቻለሁ" አሉ ጋሽ ወልደሰንበት። "ሾፌሩ ሁሉ ሬዲዮውን ይዘጋል፣ ቀስ ይላል፣ አንዳንዱም ወርዶ ያጽናናል። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፤ ሰው ማክበር ያውቃሉ። የሚያከብሩን ግን ከሞትን በኋላ ነው። እስቲ ትንሽ ቀደም እናድርግላቸው።"

ከሞቱት ከሦስቱ አንዷ የዳኛው የወንድም ልጅ ነበረች። ዳኛው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጧቸው።

በማግስቱ ድንኳኑ የመንገዱን ግማሽ ይዞ ተተከለ። አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። እትዬ አስካለችም እያጉረመረሙ ንፍሮ ቀቀሉ። "የለቅሶዬን ንፍሮ በቁሜ አስቀቀለኝ፤ ይሄ ሰውዬ ሌላ ሊያገባ አስቦ ይሆናል" እያሉ ጎረቤቱን ያስቁ ነበር።

እውነትም መኪናው ሁሉ ቀስ አለ። ከአሥር ሰዓት ትንሽ ቀደም ብሎ ያ ሚኒባስ መጣ። ሾፌሩ ምትኩ የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። ሬዲዮውን ዘጋ፣ ዳር ይዞ አቆመ፣ ኮፍያውን አውልቆ ገባ።

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማን ነው ያረፈው፣ ጋሼ?"

"እስካሁን ማንም፣ ልጄ። ቁጭ በል።"

ግራ እየገባው ተቀመጠ። እትዬ አስካለች ንፍሮ በሳህን አቀረቡለት።

"ለእኔ ነው የተተከለው" አሉት። "ትናንት ነጠላዬን ነክተህ ስታልፍ፣ ይሄ ሽማግሌ ከአሁኑ ያለቅስልኝ ጀመር።"

የምትኩ ፊት ዐመድ መሰለ። ሕፃን ሳለ እናቱ ሥራ ስትሄድ የሚውለው እትዬ አስካለች ቤት ነበር፤ መሄድ የተማረውም የእሳቸውን ቀሚስ ይዞ ነው።

"እትዬ፣ እርስዎ መሆንዎን መቼ አየሁ? አንዲት አሮጊት መንገድ እንደዘጋችብኝ ብቻ ነው የማውቀው።"

"እኔማ ያው እኔ ነበርኩ" አሉት። "ፊቴን ለማየት ጊዜ አልነበረህም እንጂ። በል ብላ፤ ከስተሃል።"

ምትኩ መብላት አልቻለም፤ አለቀሰ። አሥር ሰዓት ሲሆን ሚኒባሱን መንገዱ ላይ አግድም አቆመና እትዬ አስካለችን ክንዳቸውን ይዞ አሻገራቸው። በሳምንቱ ሾፌሮቹና እድርተኞቹ አብረው ወረዳውን አስፈቀዱ። መንገዱ ላይ ሁለት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሠሩ፤ የእግረኛ መሻገሪያም በነጭ ቀለም ቀቡ። ድንኳኑ ተጣጥፎ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰ።

እትዬ አስካለች ዛሬም ይሻገራሉ። ሾፌሮቹ ቆመው "እንዴት ዋሉ?" ይሏቸዋል። እሳቸውም መሃል መንገድ ላይ ቆመው የየአንዳንዱን ሚስትና ልጅ ደኅንነት ይጠይቃሉ። መንገዱ ይዘጋጋል፤ ክላክስ የሚያደርግ ግን የለም።

ወዳጄ፣ ለሞተ ሰው ፍጥነት መቀነስ ሁላችንም እንችልበታለን። ያንኑ ክብር ሰውየው በእግሩ ሲሻገር ብንሰጠው ብዙ ቤት ከለቅሶ ይተርፋል። ስንፈጥን ፊታችን ያለው ሰው እንቅፋት ብቻ ይመስለናል፤ ቀስ ስንል ግን ያሳደገችን ሴት ሆና እናገኛታለን። ዛሬ ክላክስ ያደረግህበት ሰው ማን እንደነበረ፣ ፊቱን አይተሃል?