የአቶ ደምሰው ስምምነት



ባለወፍጮው አቶ ደምሰው የአንዲት ልጅን ታላቅ እህት ትብለጥን ሁለተኛ ሚስት ሊያደርጉ ሽማግሌ ይዘው ወደ አባቷ ቤት መጡ። ሚስታቸውን ወይዘሮ አስካለንም አስከትለዋል።

«አዋቂዎች ከተስማሙ ሕግ ምን አገባው? ባለቤቴ ፈቅዳለች፤ ይኸው፣ ጠይቋት!» አሉ።

አባቷ በአቶ ደምሰው ወፍጮ ቤት ተቀጣሪ ናቸውና እምቢ ማለት ፈርተው አቀረቀሩ። ትብለጥ ታለቅሳለች።

ልጅቷ ዞር ብላ «እትዬ አስካለ፣ እውነት ፈቅደዋል?» አለች።

«ፈቅዳለች አልኩ እኮ!» አሉ አቶ ደምሰው።

«ውይ ጋሼ፣ ለካ የተስማማችሁት እርስዎና እርስዎ ናችሁ! እንግዲያው እዚያው እርስ በርሳችሁ ተጋቡ፤ እህቴን ተዉልን።»

ሽማግሌዎቹ ሳቅ አመለጣቸው፤ ጉዳዩም እዚያው ፈረሰ።

በነጋታው ጠዋት ልጅቷ መጀመሪያ ያደረገችው እትዬ አስካለን ብቻቸውን አግኝታ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብላ መጠየቅ ነበር።