በሰንሰለት የታሰረች ቁና

አንድ ሰው ነበረ፤ የመንደሩ እናት ቁና በእጁ ያለች። ቆይ ናሁሰናይ፣ አታቋርጠኝ፤ ጥያቄህን አልረሳሁም። «ጋሼ፣ ፋይል ማስተላለፊያው ሰርቨር ውስጥ እኮ ምስጢር የለም፤ የኮሌጁ ኮምፒውተሮች ሲከፈቱ የሚወስዱት ሴቲንግ ብቻ ነው ያለው፤ ታዲያ ማንን ፈርቼ ነው የምዘጋው?» ብለኸኛል። እኔ እዚህ ግቢ ሽቦ ስዘረጋ የሸበትኩ ሰው ነኝ፤ ስሰማህ አልሳቅኩም፣ አመመኝ እንጂ። አሁን ስማ።

እናት ቁና የሌሎቹ ሁሉ ልክ ናት። አዲስ ቁና የሰፋች ሴት እህሉን ከእናቲቱ ወደ አዲሱ ገልብጣ ልክ መሆኑን ታያለች። ገበያ ላይ ጠብ ሲነሳም የሚዳኘው በእሷ ነው። ጎድላ የተገኘች ቁና በሰው ፊት ትቀደዳለች፤ ባለቤቷም ዳግመኛ በዚያ ገበያ እህል አይሸጥም። ሕጉ ይህ ነበር።

ሰውየው ደግ ነበር፤ ደግነቱና ስንፍናው ግን ባንድ ጎጆ የሚያድሩ ነበሩ። በመጣ በሄደው ሰው ከሥራው መነሳት ሰለቸውና ቁናዋን ከበረንዳው ምሰሶ ጋር በሰንሰለት አሰራት። «የፈለገ መጥቶ ይለካ፤ ይዟት ግን አይሄድም» አለ። መንደርተኛው አመሰገነው። ሚስቱ ብቻ፣ «እኛ በሌለንበት የሚነካትን ማን ያየዋል?» ብትለው፣ «ሁሉም የእኛው ሰው ነው» ብሎ ዝም አሰኛት። ይህችን ቃል ልብ በላት፤ አንተም ትናንት ብለሃታል።

በዚያ ገበያ እህል የሚገዛ አንድ ሀብታም ነጋዴ ነበረ። ቁናዋን ሊሰርቅ አልመጣም፤ ሰርቆ ምን ሊያደርጋት? ሰው ሁሉ እርሻ በወረደበት ቀን ስፌት የምታውቅ ሴት ይዞ መጣ፤ ቁናዋን እስከ ወገቧ አስፈትቶ፣ ከበፊቱ ከፍ አስደርጎ እንደገና አስጨረሳት። ሰንሰለቱ አልተነካም። ከዚያ ወዲህ የተሰፋ ቁና ሁሉ በእሷ ልክ ተሰፋ። አሮጌዎቹን ያመሳከሩ ሰዎችም ጎደሉባቸውና ገበያ ላይ ሳይጋለጡ ደንግጠው ጣሏቸው። ገበሬው በአንድ ቁና ዋጋ ከቁና በላይ እየሰፈረ ይሸጥ ጀመር፤ ነጋዴውም ጎተራ ጨመረ።

አንድ ድሃ ገበሬ ግን ከአባቱ የወረሳትን ቁና እንደያዘ ቀረ። ልክነቷን ስለሚያውቅ ለማመሳከር አልሄደም። ነጋዴው በገበያው መሃል፣ «ይህ ሰው ሌባ ነው!» ብሎ ጮኸበት። እናቲቱ ከሰንሰለቷ ተፈትታ መጣች፤ ተሰፈረ፤ የገበሬው ጎደለ።

«አባቴ በዚህችው ሰፍሮ ነው የሞተው! ስለ እግዜር ብላችሁ እናቲቱን እዩልኝ!» አለ።

እናቲቱን ማን ያያል? ሌላው ሁሉ በእሷ ይታያል እንጂ እሷን የሚያያት የለም። ያ ደጉ ሰውዬ የገበሬውን ቁና በገዛ እጁ ቀደዳት። ቆሞ የሚያየው ሰውም «እሰይ!» አለ።

ከጊዜ በኋላ ሰውየው ቁናዋን ሊያነሳ ሲል ከንፈሯ መዳፉን ወጋው። የድሮዋ ከንፈር በእጅ ብዛት የለሰለሰ ነበር። ዞር አድርጎ አያት፤ እንደገና መሰፋቷ ገባው። ወደ ሽማግሌዎቹ ሮጦ የሆነውን ነገራቸው። «እንግዲያው ትክክለኛዋን አምጣና በእሷ እናስተካክል» አሉት። ከየት ያምጣ? አሮጌዎቹ ተጥለዋል፤ የቀረችውን አንዲቱን እሱ ራሱ ቀዷታል። ገበያውም በትልቁ ቁና እንደሰፈረ ቀረ።

ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ገበሬው ቤት ሄደ። ገበሬው የለም። እህል እንዳይሸጥ ስለተከለከለ ቆላ ወርዶ የሰው ማሳ ሲያርም ወባ ገድሎታል። የሟቹ ሚስት ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ «ምን ልትመልስልን መጣህ? ቁናውን ነው ስሙን?» አለችው።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ። እኔ ይህን አባባል ማመን ትቻለሁ። ነጋዴው ሸምግሎ፣ ተከብሮ፣ በአልጋው ላይ ነው የሞተው።

እንግዲህ ናሁሰናይ፣ እናት ቁናዋ ያ ሰርቨርህ ናት። ስም አትጠይቅም፣ የይለፍ ቃልም አትጠይቅም፤ ፋይሉን በስሙ ለጠራ ሁሉ ትሰጣለች። አንተ ደግሞ ማንም እንዲጽፍባት ክፍት ትተሃታል። የሚሰረቅ ምስጢር አለመኖሩን ነግረኸኛል፤ እኔ የምፈራው ሰርቆ የሚወስደውን ሳይሆን ሌላ ፋይል የሚያስቀምጠውን ነው። ፎልደሩን ለማንበብ ብቻ አድርገው። መጻፍ የሚችል አንድ ኮምፒውተር ይሁን፣ እሱም በአንተ እጅ ያለው። ከማታውቀው አድራሻ የመጣውን ፋየርዎሉ ይመልሰው። የትክክለኛውን ፋይል ቅጂ ከኔትወርኩ ውጭ አኑርና ሰርቨሩ ላይ ካለው ጋር ቶሎ ቶሎ አስተያየው።

ሰንፈህ ብትተወው የሚሆነውን ልንገርህ። አንዱ ፋይሉን ይለውጠዋል። ኮምፒውተሮቹ በተከፈቱ ቁጥር ያንኑ አምነው ይወስዳሉ። ለብዙ ጊዜ ሳትዘጋ በመቆየቷ አዲሱን ያልወሰደች አንዲት ኮምፒውተር ብቻ ትክክለኛውን እንደያዘች ትቀራለች። ከሌሎቹ ስለተለየች «ተበላሽታለች» ብለው ይጠሩሃል። አንተም ቅን ልጅ ነህና፣ ሄደህ በገዛ እጅህ ታስተካክላታለህ።