የጠያቂ ድንጋይ

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ጥገናው ግቢ ጀርባ ባለው ሰፈራችን፣ ከየቤቱ አጥር ውጭ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጧል። አላፊ አግዳሚው የደካማ ማረፊያ ይመስለዋል፤ ይምሰለው! ልጅ ኩፍኝ ሲይዘው በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል፣ ጠያቂም እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከውጭ ይጮኻል እንጂ ጓዳ አይዘልቅም።

ሽማግሌዎች እንደሚናገሩት ይህ ልማድ የመጣው ባቡሩ ገና አዲስ በነበረበት፣ ሰው ለሥራ ከየአገሩ እየጎረፈ ቤት ከቤት ተጣብቆ ይኖር በነበረበት ዘመን ነው። የዚያን ጊዜ ሰው ደግነቱ ለጉድ ነበር፤ የአንዱ ልጅ ታመመ ከተባለ ጎረቤቱ ሁሉ የራሱን ልጅ አዝሎም ጎትቶም ይመጣና በበሽተኛው መደብ ዙሪያ ይኮለኮላል። ብዙም ሳይቆይ የጠያቂው ልጅ ይተኛል፤ እሱን ለመጠየቅ ደግሞ ሌላው ይመጣል። ኩፍኙ እንዲህ በጠያቂ ጀርባ ታዝሎ ሰፈሩን ይዞር ነበር ይባላል።

ይመኙሻል የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏ አቶ ሀብተወልድ ሐዲዱ ዳር ቆሞ ቀይ ባንዲራ እያውለበለበ ባቡር የሚያስቆም ሠራተኛ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን አዝላ የታመመ ልትጠይቅ ሄዳ፣ ልጅቱን ከዚያው በያዛት ኩፍኝ ቀብራታለች። ሁለተኛው ልጇም ኩፍኝ ይዞት በተኛ ጊዜ፣ ጎረቤቷ አስካለ ከስንት ዘመን ስለት በኋላ ያገኘቻትን ሕፃን አዝላ ስትመጣ በመስኮት አየቻት። ምን ታድርግ? ጠያቂን ከደጅ መመለስ እኮ ከጠብም የከፋ ነው። የባሏን ባንዲራ ከተሰቀለበት መንጭቃ ወጣችና በሩ ላይ ተገተረች።

«እንዳትገቢብኝ!»

«እኔን? እኔን ነው ከደጅ የምትመልሺኝ? ምን በደልኩሽ?»

«ባቡር እንኳ ይህን አይቶ ይቆማል፤ አንቺም ቁሚ! የእኔዋን በገዛ ጀርባዬ አዝዬ ወስጄ ነው ያስበላኋት። ያንቺን አላስበላም።»

አስካለ እንባዋ መጣ፤ ቢሆንም እልኸኛ ነበረችና «ሳልጠይቅሽስ አልሄድም» ብላ አጥሩ ሥር በነበረው የልብስ ማጠቢያ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች። ልጁ እስኪሻለው በየቀኑ እየመጣች፣ እዚያው ተቀምጣ፣ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ እየጮኸች ስታጽናናት ከረመች። ልጁም ዳነ። ሰፈሩ መጀመሪያ ላይ «ይመኙሻል ቤት ጣቢያ ሆነ» እያለ አሽሟጦ ነበር አሉ። ወረርሽኙ አልፎ የአስካለ ሕፃን ምንም ሳትሆን ስትቀር ግን ሽሙጡ ቀረና ሁሉም ድንጋይ ፍለጋ ወጣ።

ዛሬ ክትባት አለ፣ ተመስገን፤ ጨርቁ የሚሰቀለው አልፎ አልፎ ነው። ሲሰቀል ግን አሁንም ከውስጥ «እንዳትገቢብኝ!» ይባላል፤ ውጭ ያለችውም «እሺ፣ እግዜር ይማርልሽ» ብላ ትቀመጣለች። በእኛ ሰፈር ይህን ሰምቶ የሚቀየም የለም። ሌላውን ሁሉ «ይባላል» እያልኩ ነገርኳችሁ፤ ይህን ግን አልልም፤ ያቺ ታዝላ የመጣች ሕፃን አድጋ እናቴን ወልዳለች።