ለስላሳው ደወል

አንዲት ቆላማ ከተማ ነበረች። መሃሏን ሰንጥቆ የሚያልፍ ሰፊ የአሸዋ ወንዝ አላት። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ስለሆነ ነጋዴው ልባሽ ጨርቁን፣ ሐብሐቡን፣ ጆንያና ገመዱን አሸዋው ላይ ዘርግቶ ይቸረችራል። ክፋቱ፣ ጎርፉ የሚመጣው ከተማዋ ላይ ሲዘንብ አለመሆኑ ነው። ከሩቅ ደጋ ይዘንብና፣ ቆላው በጠራራ ፀሐይ እየነደደ ሳለ ውሃው በድንገት ከች ይላል። ስንቱን ሰው በልቷል።

በዚህች ከተማ ሐመልማል የምትባል ሴት የቴክኖሎጂ ኩባንያ አቋቁማ "ንቁ" የተባለ የስልክ አገልግሎት አወጣች። ከከተማዋ በላይ፣ ወንዙ ከገደል በሚወርድበት ቦታ፣ የውሃውን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ አስተከለች። ውሃው ከፍ ሲል "ንቁ"ን የጫነ ስልክ ሁሉ ይጮኻል። ጩኸቱም የዋዛ አይደለም። ድምፁ የተዘጋ ስልክ እንኳ እንደ አምቡላንስ ያለቅሳል።

መጀመሪያ የጮኸ ዕለት ገበያው ተተራመሰ። ሰው በሰው ላይ እየወደቀ ወደ ዳር ሮጠ። ውሃው ግን አልመጣም። ሌላ ቀን ደግሞ ጮኸ፤ አሁንም ውሃ የለም። በየግርግሩ ዕቃ ይረገጣል፣ ሌባም ያገኘውን ይዞ ይሰወራል። ከዚያ በኋላማ አስተያየቱ እንደ በረዶ ወረደ። "ይህ አገልግሎት ሳይሆን መዓት ነው" አለ አንዱ። "ነፍሰ ጡር ሚስቴን አስደንግጣችሁ ልትገድሉብኝ ነበር" አለ ሌላው። ሐመልማል ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነቃ ገና ፊቷን ሳትታጠብ ይህንኑ ታነባለች። ሲሰድቧት ምግብ አይወርድላትም።

አንድ ቀን ልባሽ ጨርቅ የምትሸጠው ወይዘሮ ዘይነባ ራሷ ቢሮ ድረስ መጣች። በገበያው የታወቀችና የተከበረች ሴት ናት።

"ልጄ፣ ይህን ጩኸት አጥፊልን" አለች ገና ሳትቀመጥ። "ሰው ሲሮጥ ሌባው ጨርቄን ጠቅልሎ ሄደ። ውሃችሁ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው።"

"እትዬ ዘይነባ፣ መሣሪያው ውሃ አይቶ ነው እኮ የሚጮኸው።"

"ያየው ውሃ ታዲያ የት ገባ?"

ሐመልማል ሴትዮዋን ሸኝታ መሐንዲሷን ኪያርን ጠራችው። ኪያር ነገሩን ደርሶበት ነበር። ከመሣሪያው በታች ወንዙ መንታ ይሆናል። አንዱ ክንድ ወደ ከተማዋ ይመጣል፤ ሌላው ወደ በረሃው ሜዳ ይፈስሳል። መሣሪያው ያየው ውሃ ወደ ሜዳው ሄዶ ኖሯል።

"ከመንታው በታች ሁለተኛ መሣሪያ መትከል አለብን" አላት። "ቦታው መኪና አያስገባም። ክረምቱ ሳይገባ እንድረስ ካልን የያዝነውን ሥራ ሁሉ ጥለን እሱ ላይ መረባረብ ነው።"

"ጩኸቱን መቀየርስ?"

"እሱማ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ግን እኮ መሣሪያው መሳሳቱን አይተውም" አለ።

ሐመልማል የዚያን ዕለት ጠዋት ያነበበችው ስድብ ገና ከልቧ አልወጣም ነበር። ቀላሉን መረጠች። ጩኸቱ ወጥቶ በምትኩ እንደ ወፍ ድምፅ ያለ ለስላሳ ደወል ገባ። የደስ ደስ ያለው የወንዝ ሥዕል፣ የአየር ትንበያና የገበያ ዋጋ የሚያሳይ ገጽም ተጨመረ። ሕዝቡ ወደደው። አምስት ኮከብ በአምስት ኮከብ ላይ ተደረደረ። ወይዘሮ ዘይነባ ሳትቀር "አላህ ያክብርሽ፣ ሰሚ አገኘን" ብላ በድምፅ ላከችላት። ሐመልማልም ምስጋናውን ለሠራተኞቿ አሰማች። ሁለተኛውን መሣሪያ ዳግም ያነሳው አልነበረም።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት፣ ኪያር ከወንበሩ ተነሣ።

"ሐመልማል፣ ውሃው ከፍ ብሏል። እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም።"

"ወደ ሜዳው ይሄድ ይሆናል።"

"ይሄድ ይሆናል። ወደኛም ይመጣ ይሆናል። የማውቅበት መንገድ የለኝም።"

ደወሉ ለሁሉም ተልኳል። ሐመልማል ወደ መስኮቱ ሄደች። ገበያው ከሥር ወለል ብሎ ይታያል። አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ አየት አደረገና ወደ ኪሱ መለሰው። ሌላ የተንቀሳቀሰ የለም።

"የድሮውን ጩኸት መልሰው!"

"አውጥተነዋል እኮ! አሁን ብመልሰው እንኳ እያንዳንዱ ስልክ ላይ እስኪጫን ውሃው ይቀድመናል።"

ሐመልማል ደርቃ ቀረች። ወርዳ ጮኻ ውሃው ሳይመጣ ቢቀርስ? ያ ሁሉ ስድብ ሊመለስ ነው፤ አሁን ደግሞ በስሟ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መስኮቱ ላይ ቆማ መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ሰዎቹ አልነበረም። ሰዎቹ ስለሚሏት ነበር። ወዲያው አንድ ሐብሐብ ሻጭ ለደንበኛው ቀይዋን ቁራጭ ሲያቀምሰው፣ ደንበኛውም አፉን በእጁ ጠርጎ ሲስቅ አየች። ጫማዋን አውልቃ ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

"ውጡ! ውሃ እየመጣ ነው! ውጡ!"

"ስልኩ ዝም ሲል ባለቤቲቱ ጀመረች!" አለ አንድ ጎረምሳ። ገበያው በሳቅ አውካካ። እሷ ግን እየተጋፋች አለፈችና ወይዘሮ ዘይነባ ፊት ቆመች። ዘይነባ የጨርቅ ቦንዳዋ ላይ ተቀምጣለች።

"ልጄ፣ እውነት ነው?"

"አላውቅም እትዬ።" ትንፋሿ ተቆራረጠ። "ላይመጣም ይችላል። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ስለ ፈጣሪ ብለው ይነሱ!"

ዘይነባ ፊቷን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አሸርጣ ተነሣች፤ ቦንዳውንም ጨርቁንም እንደተዘረጋ ትታ ወደ ዳር ተራመደች።

"ዘይነባ ዕቃዋን ጥላ ወጣች!" የሚል ድምፅ ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ ሌላው ጫፍ ደረሰ። ያኔ ሳቁ ቆመ። እሷ አንዲት ቁራጭ ጨርቅ በዋዛ እንደማትጥል የማያውቅ አልነበረም። ሰው ልጁን እያንጠለጠለ ዳገቱን ወጣ።

ዳር ላይ ቆመው ጠበቁ። ፀሐዩ ያው፣ አሸዋው ያው። ማጉረምረም ተጀመረ። አንዱ ሚዛኑን ሊያመጣ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ቀዝቃዛ ነፋስ የጭቃ ሽታ ይዞ መጣ። ድንጋይ የጫኑ መኪኖች ተከታትለው የሚመጡ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ሰውየው ዘሎ ተመለሰ። ውሃው ዛፍ ነቅሎ፣ አለት እያንከባለለ ደረሰና ገበያውን እንዳለ ጠርጎ ሄደ።

ሁሉም ሰው ግን አልወጣም ነበር። ጉደታ የሚባል የመጋዘን ዘበኛ ሥራውን ጨርሶ ወንዙን ከሚያሻግረው ድልድይ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ተኝቷል። ግርግሩ እሱ ዘንድ አልደረሰም። ሬሳው ሲገኝ ስልኩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። ደውሎለታል፤ በለስላሳው።

ሐመልማል ለቅሶ ቤት ሄዳ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ተቀመጠች። ወይዘሮ ዘይነባ መጥታ አጠገቧ አረፍ አለች።

"እኔ እኮ እናንተ ያላችሁኝን ነው ያደረግሁት" አለች ሐመልማል እንባዋ እየቀደማት።

"አዎ ብለናል። እኔም ብያለሁ፤ ድርሻዬን አልክድም" አለች ዘይነባ። "ግን ልጄ፣ በሽተኛ ሕመሙ ሲጠናበት 'ራሴን ቁረጡልኝ' ይላል። ታዲያ ሐኪሙ ይቆርጠዋል? እኔ የሚያመኝን ነገርኩሽ። መድኃኒቱን ማወቅ ያንቺ ፋንታ ነበር።"

ለቅሶው ሲያበቃ ሐመልማል ከኪያር ጋር መሣሪያውን በአህያ አስጭና፣ የቀረውን መንገድ በእግር ተጉዛ፣ ከመንታው በታች አስተከለች። ጩኸቱም ተመለሰ። የሚበሳጭበት ዛሬም አለ፤ "ንቁ" ከዚያ ወዲህ አምስት ኮከብ ሞልቶለት አያውቅም። እሷ ግን አንድ ሰው በተቆጣ ቁጥር ራሷ ትደውልና "ምን ደረሰብዎ?" ብላ ትጠይቃለች።

ወዳጆቼ፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ሙገሳም እንዲሁ ነው። ሰው ሲማረር ቃሉን ብቻ ሰምተን ዝም ልናሰኘው ከቸኮልን፣ አዳመጥነው እንጂ አልረዳነውም። ቅሬታ ሕመሙ የት እንዳለ ይጠቁማል። እዚያ ድረስ ወርዶ ማየቱ የሰሚው ዕዳ ነው፤ ቢያደክምም፣ ቢያሰድብም።

እርስዎስ? በቅርቡ አንድ ሰው ቅር ብሎት ሲነግርዎ ያስተካከሉት የትኛውን ነው፤ ነገሩን ወይስ ድምፁን?